«አይስማማኝም»፦ አንድ ትሪ የከበቡ የተለያዩ ሆዶች

«አይስማማኝም» በማእድ ዙሪያ ከሚነገሩ የአማርኛ ቃላት ሁሉ ብዙ የሚሸከም ነው። ጎመን የሚጠላ ልጅ ይለዋል። ወተት ጠጥታ ሆዷ የሚጮህባት እናት ትለዋለች። በርበሬ ጨጓራውን የሚያቃጥለው አባወራ ይለዋል፤ ሰሊጥ በቀመሰች ቁጥር ከንፈሯ የሚያብጥባት ወጣትም ያንኑ ትላለች። አራቱ አንድ ትሪ ከበው ሲቀመጡ ወጥ ሠሪዋ ጆሮ የሚደርሰው ቃል አንድ ነው፤ ጉዳያቸው ግን አይገናኝም። የመጀመሪያው የአፍ ምርጫ ነው። ሁለተኛው የአንጀት አቅም ማነስ፣ ሦስተኛው የታመመ አካል መቆጣት ነው። አራተኛው በደቂቃዎች ውስጥ ሕይወት ሊቀጥፍ የሚችል፣ የሰውነት መከላከያ የሚፈጽመው ስሕተት ነው። ምርጫን እንደ አለርጂ መያዝ ቤቱን በከንቱ ያስጨንቃል፤ አለርጂን እንደ ምርጫ መያዝ ግን ልጅ ያሳጣል።

ስለዚህ ወጥ ሥራው የሚጀምረው ሽንኩርቱ ሳይከተፍ በጥያቄ ነው። ምግቡ ሲበላ ምን ይመጣል? ከስንት ጊዜ በኋላ? ጥቂት ሲቀመስና ጠግበው ሲበሉ ልዩነት አለው? በተበላ ቁጥር ይደጋገማል ወይስ አንዳንዴ ብቻ? «ያንገሸግሸኛል» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ አፉና ስለ አፍንጫው ነው። «ይነፋኛል» የሚለው ስለ አንጀቱ፣ «ያቃጥለኛል» ወይም «ቃር ይይዘኛል» የሚለው ስለ ጨጓራው ይናገራል። «ሰውነቴ ሽፍ ይላል፣ ያሳክከኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል» ያለ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊደመጥ ይገባዋል። አማርኛ ልዩነቱን የሚያሳዩ ቃላት አላጣም። እንግዳ ግን የቀረበለትን «አልወደውም» ማለት ነውር ስለሚመስለው «አይስማማኝም» ይላል፤ በእውነት የሚታመመውም ባለቤቶቹን ላለማስጨነቅ በዚያው ቃል ይሸፍነዋል። ጨዋነቱ የሚደነቅ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

አፍ ሲጠላ

ጎመን መራራ ነው የሚል ልጅ እያጋነነ ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ በተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ቤተ ሙከራ አንድ ዱቄት በድንገት ቦነነ፤ አጠገቡ የነበረው ባልደረባ አፌን መረረኝ ሲል ፎክስ ራሱ ምንም አልቀመሰም። ከዚያ የተነሣው ምርምር አንዳንድ መራራ ነገሮችን የመቅመስ ችሎታ ከወላጅ እንደሚወረስና ከሰው ሰው እንደሚለያይ አሳየ። የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመንና ሰናፍጭ ሁሉ ለዚያ ዱቄት የቀረቡ ውህዶች አሏቸው። ከአንድ ድስት የወጣ ጎመን ለአባትየው ጣፋጭ፣ ለልጅየው እሬት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ምሬቱ ግን በአሠራር ይቀንሳል። ጎመኑ ብዙ ውሃ ባለው ድስት፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሲቀቀልና ውሃው ተደፍቶ ሲጨመቅ መራራው ነገር አብሮ ይወጣል። ከውሃው ጋር የሚሄድ ቫይታሚን አለ፤ ያልተበላ ጎመን ግን ጨርሶ ምንም አይሰጥም። ከዚያ በኋላ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ጨው ቀሪውን ምሬት ይሸፍናሉ። ካሮትና ድንች የገባበት ጥቅል ጎመን ለጀማሪ አፍ ይቀላል። ልጅ አዲስ ምግብ ለመቀበል ከ8 እስከ 15 ጊዜ ያህል መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ብዙ ወላጅ ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው «አይወድም» ብሎ ይተወዋል። በግድ የተጎረሰ ምግብ የባሰ ይጠላል። ያንኑ ጎመን ልጁ ከሚወደው ድንች ጎን በትንሹ እያስቀመጡ፣ ሌላው ሰው ሲበላው እያየ እንዲለምደው መተው ከቁጣ ይሻላል።

ከቅቤ ጋር የተጣላ ሰውም ብዙ ጊዜ የተጣላው ከበሳሉ ቅቤ ጋር ነው። ቆይቶ ጠረኑ የጠነከረው ቅቤ ለአንዱ የወጥ ማዕረግ፣ ለሌላው የሚያቅለሸልሽ ነው። ለጋ ቅቤ በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ተነጥሮ ሲቀርብለት ሳያውቀው የሚበላ አለ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ትናንት የወደደችው የቁሌት ሽታ ዛሬ ከቤት ሊያስወጣት ይችላል። በዚህ ጊዜ ቁሌቱን እሷ በሌለችበት ሰዓት አብስሎ ማቆየት፣ ምግቡን ለብ አድርጎ ማቅረብ (የቀዘቀዘ ምግብ ሽታው ይቀንሳል) እና ዝንጅብል የገባበት ሻይ መስጠት ይረዳል።

ሆድ ሲከብደው

ወተት የሚያውከው ሰው ራሱን እንደ ሕመምተኛ ሊቆጥር አይገባም፤ ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንደ እሱ ናቸው። የወተት ስኳር ላክቶስ የሚፈጨው ላክቴዝ በተባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ በጡት ዘመን ሞልቶ ኖሮ በብዙ ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ከብት በማርባትና ወተት በመጠጣት ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን እስከ እርጅና ሳይቀንስ የሚቆይባቸው ሰዎች ይበዛሉ። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ታችኛው አንጀት ሲወርድ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጩኸቱ፣ መነፋቱና ተቅማጡ ከዚያ ይመጣል።

የኢትዮጵያ ጓዳ ኢንዛይሙ ስሙ ሳይታወቅ መፍትሔውን ይዞ ነው የኖረው። ወተት ረግቶ እርጎ ሲሆን ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ ከፊሉን ቀድመው ይበሉታል። አሬራው ሞቆ አይብ ሲወጣለት አብዛኛው የቀረው ስኳር ከአጓቱ ጋር ተለይቶ ይወርዳል። ቅቤ ሲነጠርም ውሃው ይተናል፤ አተላው ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀዳው ንጹሕ ስብ ነው ለማለት ይቻላል። ትኩስ ወተት የማይሆንለት ሰው ጎመን በአይብ፣ እርጎና ክትፎ በቅቤ ያለ ችግር የሚበላው ስለዚህ ነው። ለወተት ፕሮቲን አለርጂ ላለበት ሕፃን ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። እርጎውም አይቡም ፕሮቲኑን እንደያዙ ናቸው፤ የተነጠረ ቅቤም ርዝራዡ አይጠፋውም። ሁለቱም ሰዎች «ወተት አይስማማኝም» ይላሉ፤ ለአንዱ እርጎ ይሰጠዋል፣ ሌላውን ያው እርጎ ሆስፒታል ሊያደርሰው ይችላል።

ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ የሚነፉት ደግሞ የሰው አንጀት በራሱ ሊሰብራቸው የማይችላቸው የስኳር ሰንሰለቶች ስላሏቸው ነው። እነሱም እንደ ላክቶሱ ታች ወርደው ይብላላሉ። ጥራጥሬውን አሳድሮ መዘፍዘፍና የዘፈዘፈውን ውሃ መድፋት ከፊሉን ይቀንሳል፤ ንፍሮ ሲቀቀልም የመጀመሪያውን ውሃ ለውጦ በአዲስ ማብሰል እንዲሁ። ሽሮ በደንብ ካልበሰለ የባሰ ይከብዳል። በችኮላ የተንተከተከ ሽሮ ሆድ የሚነፋው ሳይበስል ስለሚወጣ ጭምር ነው፤ በዝግታ፣ ዘይቱ ከላይ እስኪወጣ መቆየት አለበት። ጥራጥሬ ያልለመደ አንጀት በሳምንታት ውስጥ ይለምዳልና በጥቂቱ ጀምሮ መጨመሩ ጨርሶ ከመተው ይሻላል።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሽንኩርትን ነው። የወጥ መሠረት የሆነው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ፍሩክታን የተባለ ተመሳሳይ ሰንሰለት አላቸው፤ አንጀታቸው በቀላሉ የሚቆጣ ሰዎች ምስሩን ሲወቅሱ ጥፋተኛው ቁሌቱ ሊሆን ይችላል። ፍሩክታን በውሃ ይሟሟል፣ በዘይት አይሟሟም። ስለዚህ ሽንኩርቱን በዘይት አብስሎ ፍሬውን አውጥቶ በመዓዛው ብቻ መሥራት ይቻላል። ቅቤ አንጣሪዎች ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረው በወንፊት ሲያጠሉት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሰውነት ሲቆጣ

«አለርጂ» የሚለውን ቃል የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1906 የቪየናው ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ ነው። በምግብ አለርጂ የሰውነት መከላከያ ምንም ጉዳት የሌለውን የምግብ ፕሮቲን እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ያ ፕሮቲን ሲገባ በቆዳ፣ በአየር ቧንቧና በአንጀት ውስጥ የተዘጋጁ ሕዋሳት ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከደቂቃዎች እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፤ ሽፍታ፣ ማሳከክ፣ የከንፈርና የምላስ እብጠት፣ ማስመለስ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደም ግፊት መውረድ። እዚህ ላይ መጠን አይቆጠርም። ወተት የማይፈጭ ሰው ግማሽ ስኒ ሊችል ይችላል፤ ለኦቾሎኒ ከባድ አለርጂ ያለበት ልጅ ግን ማንኪያ ላይ የቀረ ቅባት ይበቃዋል። እሳትም አያድንም፤ እንዲያውም የተቆላ ኦቾሎኒ ከተቀቀለው ይልቅ አለርጂ ይቀሰቅሳል።

በኢትዮጵያ ጓዳ አለርጂ የሚደበቅባቸው ቦታዎች ከውጭ አገር መጽሐፍ ተገልብጠው የሚገኙ አይደሉም። የመንገድ ዳር ቆሎ ሻጭን ያስተዋለ ያውቀዋል፤ የገብሱ፣ የሽምብራው፣ የሱፉና የኦቾሎኒው ቆሎ ጎን ለጎን ተደርድረው በአንዲት ስኒ ይሰፈራሉ። ገብስ ብቻ የገዛ ሰው የኦቾሎኒ ብናኝ አብሮ ይዞ ይሄዳል። በቤት ውስጥም ሙቀጫው አለ፤ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ኑግና ቅመም በተራ የሚወቀጥበት የእንጨት ሙቀጫ በቀዳዳዎቹ የሚይዘውን ቅባት በውሃ ብቻ አይለቅም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ምጣዱ ነው። እንጀራ እንዳይዝ ምጣዱ የሚታሰሰው በተፈጨ ጎመን ዘር ነው። ጎመን ዘር የሰናፍጭ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ለሰናፍጭ አለርጂ ያለበት ሰው ስልጆን ሸሽቶ፣ ሰናፍጭ ከአጠገቡ አስነሥቶ፣ በእንጀራው በኩል ሊያገኘው ይችላል። በዘይት በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማሰስ መፍትሔ ነው፤ ግን ይህን የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ምጣዱ በምን እንደታሰሰ የማወቅ ዕድል ሊኖረው ይገባል። አብሽም እንዲሁ ነው። በቅቤ ውስጥ አለ፤ ለጨጓራ ተዘፍዝፎ ይጠጣል። አብሽ የጥራጥሬ ወገን ሆኖ ፕሮቲኑ ከኦቾሎኒ ጋር ስለሚመሳሰል ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበትን አንዳንድ ሰው ይቆጣዋል። በጎጃም ለቆሎና ለአረቄ የሚያገለግለው ግብጦም ከዚሁ ወገን ነው። ግብጦ ለቀናት ውሃ እየተለወጠለት የሚዘፈዘፈው መራራውንና መርዛማውን ነገር ለማውጣት ነው፤ አለርጂ የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን ግን ከዚህ ሁሉ በኋላም ይቀራል።

የጾም ወቅት ለዚህ ጉዳይ ሁለት ፊት አለው። ለወተትና ለእንቁላል አለርጂ ላለበት ሰው ከዓመቱ ሁሉ የሚቀለው ወቅት ነው፤ በጾም ቤት ወተትና እንቁላል የመግባት ዕድላቸው ያነሰ ነው። ለሰሊጥ፣ ለኦቾሎኒና ለሰናፍጭ አለርጂ ላለበት ግን በተቃራኒው ነው፤ የቅቤና የሥጋን ቦታ የሚይዙት የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ የኑግና የሰሊጥ ወተት፣ ስልጆና የኦቾሎኒ ቅቤ ናቸው። በጾም ቤት «ምንም የለበትም» ሲባል «ቅቤና ሥጋ የለበትም» ማለት እንጂ ሰሊጥ የለበትም ማለት አይደለም።

ከአገር ውጭ ያሉ ምግብ ቤቶች ይህን በሕግ ተገደው ተምረዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለተመጋቢ መገለጽ ያለባቸው 14 አለርጂ ቀስቃሾች ውስጥ ሰሊጥ፣ ሰናፍጭና ግብጦ ይገኛሉ፤ ሦስቱም የኢትዮጵያ ጓዳ ነባሮች ናቸው። በአሜሪካ ደግሞ ሰሊጥ ዘጠነኛው ዋና አለርጂ ቀስቃሽ ሆኖ ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታሸገ ምግብ ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል።

ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ለመጠበቅ ኦቾሎኒን እስከ ሦስትና አራት ዓመት ያርቁ ነበር። በእስራኤል ያሉ ሕፃናት ግን ጥርስ ሳያወጡ ጀምሮ ባምባ የተባለ የኦቾሎኒ ፍርፍር ይበላሉ፤ በብሪታንያ ካሉ የአይሁድ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ የኦቾሎኒ አለርጂ በእነሱ ላይ ዐሥር እጥፍ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በለንደን ፕሮፌሰር ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቹ ይህን ተከትለው 640 ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናትን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት በሕፃንነታቸው ኦቾሎኒ መብላት የጀመሩት ላይ አለርጂው ከ80 በመቶ በላይ እንደቀነሰ አሳየ። ይህ ግን ፍሬውን እንዲሁ ለሕፃን ለመስጠት ፈቃድ አይደለም፤ ፍሬ ያንቃል። በደንብ የላመ ኦቾሎኒ በገንፎ ወይም በአጥሚት ውስጥ ቀጥኖ ይሰጣል። ከባድ የቆዳ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ብዙ ልጆች እያደጉ ይተዋቸዋል፤ የኦቾሎኒ፣ የሰሊጥና የዓሣ ግን ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል።

ከባድ ምልክት ሲመጣ ጓዳው ምንም መድኃኒት የለውም። ወተት፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጤና አዳም ማጠጣት ጊዜ ይበላል፤ ጉሮሮው ላበጠ ሰው የሚጠጣ ነገር ራሱ አደጋ ነው። የሚያድነው ጭኑ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። በብዕር መልክ የሚያዘው መርፌ በኢትዮጵያ በየፋርማሲው የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም መሮጥ ይቀድማል። ሰውየው ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ይቀመጥ። የማሳከክ ክኒን ሽፍታውን ያበርዳል እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም።

ጤፍ፣ ስንዴና ወፍጮ ቤት

ሴሊያክ የተባለው ሕመም አለርጂ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና የስንዴ ዘመድ በሆነው ራይ ውስጥ ያለው ግሉተን ሲገባ የሰውነት መከላከያ የራሱን አንጀት ግድግዳ ይጎዳል፤ ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣቶች ይረግፋሉ። የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ፣ የማይድን የደም ማነስ፣ የልጅ አለማደግ ይከተላሉ። ምክንያቱ ስንዴ መሆኑን ያረጋገጠው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት፣ ሆላንድ ዳቦ ስታጣ ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመሙም ተመለሰ። ከጦርነቱ በፊት የጠረጠረውን ይህ አጸናለት፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የዶክትሬት ጽሑፉ አደረገው።

ጤፍ ግሉተን የለውም። ለሴሊያክ ታማሚ ከዚህ የተሻለ ዜና ያለው የእህል ባህል ጥቂት ነው፤ ሌላው ዓለም ዳቦውን ሲያጣ እሱ እንጀራውን እንደያዘ ይቀጥላል። ሆኖም ጤፍ ከማሳ እስከ ትሪ ባለው መንገድ ስንዴ ብዙ ጊዜ ይቀላቀለዋል። ጤፍ ሲወደድ ገብስ ወይም ስንዴ የሚደባልቅ ጋጋሪ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሸጥ እንጀራ ደግሞ ስንዴ ወይም ገብስ መያዙ የተለመደ ነው። እርሾውም ከተደባለቀ ሊጥ የመጣ ከሆነ ግሉተኑን ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ከጎረቤት የተዋሱትን እርሾ ትቶ በንጹሕ የጤፍ ዱቄትና በውሃ ከመጀመሪያው ማብላላት ያስፈልጋል። ጥቂት ቀናት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ጋገራም ዓይኑ ላያምር ይችላል።

ትልቁ ወጥመድ ወፍጮ ቤቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰልፉ ይረዝማል፤ የአንዷ ስንዴ እንዳለቀ የሌላዋ ጤፍ በዚያው አፍ ይገባል። ዱቄት በለበሰው ድንጋይና ቱቦ ውስጥ የቀረው ስንዴ የመጀመሪያዎቹን ኪሎዎች ይዞ ይወጣል። ዓለም አቀፉ መመዘኛ «ግሉተን የሌለው» ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ይህ በዓይን የሚታይ መጠን አይደለም። ባለ ወፍጮዎች ግን መለየትን ያውቁበታል፤ በርበሬና ሽሮ ጤፍ እንዳይነኩ ለብቻ ወፍጮ የሚያዝላቸው ብዙ ቦታ ነው። ለታመመ ሰው ስንዴንም እንደ በርበሬው አድርጎ ማየት ነው የሚፈለገው። ያ ካልተቻለ በቤት ውስጥ ትንሽ የእጅ ወፍጮ መያዝ ይሻላል።

በቤት ውስጥ ደግሞ የስንዴ ቂጣ የሚጋገርበት ምጣድ፣ በሶ የሚበጠበጥበት ዕቃ፣ ዱቄት የሚነፋበት ወንፊት የየራሳቸው ይሁኑ። ቂንጬ፣ ጨጨብሳ፣ ድፎ ዳቦ፣ የገብስ ቆሎ፣ ጥህሎና ከብቅል የሚጠመቅ ጠላ ከዚህ ታማሚ ይርቃሉ። ለአራስ የሚሠራው የገብስ ገንፎ በጤፍ ወይም በበቆሎ ዱቄት ይተካል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሴሊያክ የጠረጠረ ሰው የደም ምርመራ ሳያደርግ ስንዴ ማቆም የለበትም። ካቆመ ምርመራው ነጻ ነህ ሊለው ይችላል።

ጨጓራና በርበሬ

«ጨጓራ አለብኝ» በኢትዮጵያ ከተሞች ከሚሰሙ የሕመም ቃላት የተዘወተረ ሳይሆን አይቀርም። ወቀሳው ለዘመናት በበርበሬና በጭንቀት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በጨጓራ ውስጥ የሚኖር ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አገኙ፤ አላምን ያለውን ዓለም ለማሳመን ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ይህ ባክቴሪያና አዘውትረው የሚወሰዱ የሕመም ማስታገሻዎች የጨጓራ ቁስል ዋና ምክንያቶች ናቸው። በርበሬ ቁስሉን አይፈጥርም፤ የቆሰለውን ግን ያቃጥለዋል። ስለዚህ በርበሬ ለዓመታት ትቶ ባክቴሪያው ያልታከመለት ሰው አልጫ እየበላ መታመሙን ይቀጥላል። ወተት መጠጣቱም ለጊዜው ካበረደ በኋላ ጨጓራው ብዙ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል።

ለወጥ ሠሪው የሚረዳው ድስቱን በጊዜ መክፈል ነው። ቁሌቱ ውሃው መጥጦ ዘይት ከገባበት በኋላ፣ በርበሬው ከመጨመሩ በፊት፣ ሁለት ሦስት ጭልፋ ወደ ትንሽ ድስት ይቀነሳል። በትልቁ ድስት በርበሬ፣ በትንሹ እርድና ዝንጅብል ይገባል። አንድ ሽንኩርት፣ አንድ እሳት፣ ሁለት ወጥ። ምስር፣ ክክ፣ ሥጋ፣ ድንች ሁሉ በዚህ መንገድ ይሠራል። ዶሮ ወጥም ቢሆን የተቀቀለው እንቁላል የሚገባው መጨረሻ ላይ በመሆኑ የእንቁላል አለርጂ ላለበት ሰው ድርሻው ቀድሞ ሊቀዳ ይችላል። ብዙ ቤት ግን ለታመመው ከበርበሬው ወጥ ላይ ውሃ ያቀጥንለታል፤ ያ አልጫ አይደለም፣ ውሃ የበዛበት ቀይ ወጥ ነው። ቃር ለሚይዘው ደግሞ ከምን ይልቅ መቼ መብላቱ ይበልጣል፤ ከመኝታ በፊት 3 ሰዓት ያህል መተው፣ ቡናን በባዶ ሆድ አለመጠጣት፣ ቅቤውን መቀነስ።

ለደም ግፊትና ለስኳር

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በወጥ ላይ የሚጨመረውን ጨው የቀነሰ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቅ በሌላ በር ያስገባዋል፤ በርበሬውና ምጥን ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸዋልና። ለግፊት ታማሚ በሚሠራ ቤት በርበሬው ሲደለዝና ሽሮው ሲመጠን ጨውን ትቶ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በጥቁር አዝሙድ ማጠንከር፣ ጨውን በትሪ ላይ ለሚፈልገው ሰው መተው ይቻላል።

ስኳር ላለበት ሰው «ጥቁር ጤፍ ነው፣ ብላ» የሚለው ምክር የቀና ልብ ስሕተት ነው። ጥቁሩም ነጩም ጤፍ ስታርች ነው። የሚለየው መጠኑና የሚበላበት ነው፤ አንድ እንጀራ ከብዙ ጎመንና ምስር ጋር፣ ሦስት እንጀራ ከጥቂት ወጥ ጋር አንድ አይደሉም። በሻይ የሚገባው ስኳር፣ ለስላሳና የታሸገ ጭማቂ ግን መጀመሪያ የሚቆሙ ናቸው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለመጾም ሲያስብ ሰዓቱንና መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር፤ የንስሐ አባቱም ለታመመ ሰው የሚሰጡት ምክር አላቸው።

ጉንፋን ሲይዝ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ማር ጉሮሮ ያለዝባሉ። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ አንጀቱ ገና ሊቋቋመው የማይችል የመርዛማ ባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል። ጤና አዳም ማሕፀን ሊያነሣሣ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ከቡናዋ ታውጣው። ለተቅማጥ፣ በፋርማሲ የሚሸጠው ንጥረ ነገር እስኪገኝ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ በጥቂት በጥቂቱ ማጠጣት ሕይወት ያተርፋል። ጨው ከዚህ ቢበልጥ ይጎዳልና መለኪያው በግምት አይሁን።

በአንድ ትሪ

የበዓል ቀን ሁሉም አንድ ላይ ሲመጡ ቅደም ተከተሉ ይወስናል። አለርጂ ያለበት ሰው ምግብ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ዕቃው ንጹሕ ሳለ ይበስልና ይከደናል። ቀጥሎ አልጫው፣ ከዚያ ቀዩ ወጥ ይሠራል። እያንዳንዱ ድስት የራሱ ጭልፋና ማማሰያ ይኑረው፤ አንዱ ማማሰያ ከድስት ድስት ሲዞር የተለያየው ሁሉ እንደገና አንድ ይሆናል። ጥብስም ሳምቡሳም የሚጠበስበት ዘይት ዓሣ ወይም ኦቾሎኒ የነካው ከሆነ ለእነዚህ አለርጂ ላለበት ሰው አይሆንም።

ወጡ በትሪ ላይ ሲወጣ ምርጫና ጨጓራ አብረው ሊስተናገዱ ይችላሉ፤ አልጫው በአንድ ጎን፣ ቀዩ በሌላ፣ ጎመኑ ከሚወዱት ፊት። ለአለርጂና ለሴሊያክ ግን የራስ ሳህን ያስፈልጋል። ይህን ከማግለል ሊቆጥሩት የሚችሉ አያቶች አሉና አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ከሳህኑ ይልቅ የሚከብደው ጉርሻ ነው። አክስት በፍቅር ጠቅልላ የምትዘረጋው ጉርሻ የሦስት ወጥ መረቅ አለበት፤ እምቢ ማለት ደግሞ ለልጅ ይከብደዋል። እምቢታውን ልጁ ላይ ከመጫን ወላጁ ማእዱ ሳይጀመር ቢናገር ይሻላል፤ ማጉረስ የፈለገ ሰው ከልጁ ሳህን፣ በታጠበ እጅ ያጉርሰው። እጅ መታጠቡ ግን በሳሙና መሆን አለበት፤ ከማስታጠቢያው የሚንቆረቆር ውሃ ብቻውን፣ እጅ ላይ የሚቀባ አልኮልም ቢሆን፣ የኦቾሎኒን ፕሮቲን ከጣት ላይ ሙሉ በሙሉ አያነሣም።